ምንም አልጎደለኝም፣ ያስፈራኝም እሱ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጌታን ካገኘሁ 14 ዓመት ሆኖኛል፣ ዘጠኙን በመዝሙር አገልግሎት ነው ያሳለፍኩት። የከፋ ኃጢአት ውስጥ አልገባሁም፣ ከኅብረትም አልቀረሁም፣ ሰው ሲያየኝ ጎበዝ ክርስቲያን ነኝ። ብቻዬን ስሆን ግን አልጸልይም፣ ቃሉንም የማነበው ለፕሮግራም መዘጋጀት ሲኖርብኝ ነው። ድሮ አንድ ቀን ሳልጸልይ ከዋልኩ ይጨንቀኝ ነበር፣ አሁን ወር ቢያልፍ ምንም አይመስለኝም። ሕይወቴ ደሞ ጥሩ ነው፣ ስራ አለኝ፣ ልጆቼ ጤነኛ ናቸው፣ የሚያስለቅሰኝ ነገር የለም። ባለፈው እየዘመርን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ በውስጤ የነገ ቀጠሮዬን እያሰብኩ ነበር። ቤት ገብቼ ሳስበው አላስደነገጠኝም፣ እና ያስፈራኝ ይሄ አለመደንገጤ ነው። ምን ላርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ሦስቴ አነበብኩት። አለመደንገጤ አስፈራኝ ካልሽ ጨርሰሽ አልተኛሽም፣ እንቅልፍ የወሰደው ሰው መተኛቱን አያውቅምና። ግን በዚህ ላረጋጋሽ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ችግርሽ ራሱ በጣም መረጋጋትሽ ነው።

መጀመሪያ ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ፣ ደክሞሽ ነው ወይስ ጠግበሽ? ሁለቱ ከውጪ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም አይጸልዩም። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በረሃ ገብቶ ከዛፍ ስር ተኝቶ ሞትን ሲለምን (1ኛ ነገሥት 19) እግዚአብሔር ለምን ቀዘቀዝክ ብሎ አልተቆጣውም እኮ፣ መልአክ ልኮ አበላው አጠጣው፣ መልሶ ተኛ፣ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። የደከመ ሰው እረፍት እንጂ ወቀሳ አያስፈልገውም፣ በዚህ ጉዳይ ብዙ አገልጋዮች ተበድለዋል ብዬ አምናለሁ፣ የዛለውን ሰው ሰነፍ እያልን። የደከመ ግን ይጠማዋል፣ እግዚአብሔር የት ሄደ ብሎ ያለቅሳል። አንቺ የጻፍሽልኝ ግን የሚያስለቅሰኝ ነገር የለም ብለሽ ነው።

ስለዚህ የይሁዳን ንጉሥ የአሳን ታሪክ ልንገርሽ፣ 2ኛ ዜና መዋዕል ከምዕራፍ 14 እስከ 16 ነው፣ ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አሳ በወጣትነቱ ጣዖታትን ያፈረሰ ሰው ነው፣ እናቱን እንኳን በጣዖቷ ምክንያት ከእቴጌነቷ ሽሯታል። ከአቅሙ በላይ የሆነ ሠራዊት 300 ሰረገላ ይዞ ሲመጣበት፣ ጌታ ሆይ በብዙም በጥቂትም ማዳን አያቅትህም፣ በአንተ ታምነናል ብሎ ጮኸ፣ እግዚአብሔርም አዳነው። ከዛ ብዙ የሰላም ዓመታት መጡ። በነገሠ በ36ኛው ዓመት የእስራኤል ንጉሥ ባኦስ ራማ የምትባል ከተማ እየሠራ መንገድ ሊዘጋበት ሲነሳ፣ ያ ድሮ የጮኸው ሰውዬ አንዲት ቃል አልጸለየም። ከእግዚአብሔር ቤት ብርና ወርቅ አውጥቶ ለሶርያ ንጉሥ ላከና በባኦስ ላይ እንዲዘምትለት አደረገ።

እና ታውቂያለሽ፣ ተሳካለት! ባኦስ ግንባታውን ትቶ ሄደ። እኔን ሁሌ የሚያስደነግጠኝ ይሄ ቦታ ነው፣ ቢከሽፍበት ኖሮ ምናልባት ይነቃ ነበር፣ ግን ያለ ጸሎትም ነገሩ ሠራ፣ ስለሠራ ደሞ የጎደለ ነገር አልታየውም። ነቢዩ አናኒ መጥቶ ሲነግረው ተቆጥቶ እስር ቤት ከተተው። በ39ኛው ዓመት እግሩን ክፉኛ ሲታመም ያኔም እግዚአብሔርን አልፈለገም፣ ሐኪሞችን ብቻ እንጂ (ሐኪም ጋ መሄድ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም፣ ጥፋቱ ያ «ብቻ» የሚለው ነው)። በ41ኛው ዓመት ሞተ። ሰውዬው እኮ አልካደም፣ ለጣዖትም አልሰገደም፣ በቃ እግዚአብሔርን የሚፈልግበት ጉዳይ አለቀበት።

ያንቺም መዝሙር ያለ ጸሎት ይሠራል፣ ሰው ያለቅሳል፣ ድምፅሽ ያምራል፣ ልምድ አለሽ። ሎዶቅያ የምትባለው ከተማም እንዲሁ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ60 አካባቢ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ያለ ሮም እርዳታ በራሷ ሀብት እንደተነሳች የሮሙ ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ጽፏል፣ ስለዚህ አማኞቿ «አንድም አያስፈልገኝም» ማለታቸው በዛ ከተማ ባዶ ጉራ አልነበረም፣ በገንዘብ በኩል እውነት ነበር። ያቺ አማኞቿ ለብ ያሉት ቤተክርስቲያን (ራእይ 3) የዚህች ከተማ ናት። ጌታ በደጅ ቆሜ አንኳኳለሁ ያለውም ለማያምን ሰው አይደለም፣ ለእነሱ ነው፣ ውስጥ መዝሙሩ እየቀጠለ እሱ ግን ውጪ ቆሟል።

እንግዲህ ምን ላርግ ላልሽው፣ ብዙ ሰው በጠዋት ተነሺ፣ ፕሮግራም አውጪ ይልሻል። ክፉ ምክር አይደለም፣ ግን አንቺ ጎበዝ ሰው ነሽ፣ ፕሮግራሙንም በጉብዝና ትጨርሺውና መልሰሽ ትጠግቢያለሽ ብዬ እፈራለሁ። ይልቅ ዛሬ በርሽን ዝጊና ለእኔ የጻፍሽውን ደብዳቤ እንዳለ ለሱ አንብቢለት። ጌታ ሆይ አልተራብኩህም፣ ወር ሙሉ ሳላናግርህ ምንም አልመሰለኝም በይው። የመድረክ ቃል አትጨምሪበት፣ አታሳምሪው። እንባ ካልመጣም አይምጣ፣ እውነቱን መናገርሽ ራሱ ከስንት ጊዜ በኋላ የጸለይሽው የመጀመሪያ ጸሎት ይሆናል።

ሌላው፣ ያንቺ ችሎታ ወደማይሠራበት ቦታ ሂጂ። በጠና የታመመ ሰው አጠገብ፣ ልጁ የሞተበት ሰው ቤት፣ ከሱስ ለመውጣት የሚታገል ልጅ ጋ። እዛ ጥሩ ድምፅ አይጠቅምም፣ የምትይው ይጠፋሻል፣ ያኔ ደሞ ሳታስቢው ጌታ ሆይ እርዳኝ ትያለሽ። አንዱን ሰው በስም ያዢና በየቀኑ ጸልይለት።

አገልግሎቱን ተዪ አልልሽም፣ ግን ለተወሰኑ ሳምንታት ከመድረክ ወርደሽ ከሕዝቡ መሃል ብትቀመጪ ደስ ይለኛል፣ ለመሪሽም ትክክለኛውን ምክንያት ንገሪው። ስራ በዛብኝ ብለሽ ከሆነ የምትወርጂው አይጠቅምሽም። አንዲት የምታምኛት እህት ደሞ ይሄን ትወቅ፣ በየሳምንቱ «ብቻሽን ስትሆኚ ጸለይሽ?» ብላ ትጠይቅሽ። ዕብራውያን 3፥13 በኃጢአት መታለል እልከኛ እንዳንሆን በየቀኑ እርስ በርሳችን እንድንመካከር ያዘዘን፣ ልብ ሲደነድን ባለቤቱ ስለማይሰማው ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ እኔ ስብከት ስሰማ እነቃለሁ፣ ከነገ ጀምሮ በቀን ሁለት ሰዓት እጸልያለሁ ብዬ እወስናለሁ፣ በሳምንቱ ግን የለሁም። አስር ጊዜ ሆነ እንደዚህ ስል፣ አሁን መወሰኑንም አፈርኩበት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ሰዓቱን ለጊዜው ተወው፣ 15 ደቂቃ ያዝ። ለኤፌሶን ሰዎች የቀደመውን ፍቅር ስለተዉ ጌታ ሲነግራቸው (ራእይ 2፥5) አስቡ፣ ንስሐ ግቡ፣ የቀደመውን ሥራ አድርጉ ነው ያላቸው፣ የቀደመው ስሜት እስኪመጣ ጠብቁ አላለም። አንተ የስብከቱን ቀን ስሜት ነው ይዘህ ልትቆይ የምትሞክረው፣ እሱ ደሞ ለማንም አይቆይም። አንድ ቀን ካመለጠህ በማግስቱ 15 ደቂቃህን ብቻ ጸልይ፣ የትናንቱን እዳ ልክፈል ብለህ 30 አታርገው፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዛ ላይ ነው። ስለ ማፈሩ ደሞ፣ ጌቴሴማኒ ላይ ደቀ መዛሙርቱ አንድ ሰዓት መትጋት አቅቷቸው ተኝተው ሲያገኛቸው፣ መንፈስ ተዘጋጅታለች ሥጋ ግን ደካማ ነው ብሎ ድካማቸውን ያወቀላቸው ራሱ ጌታ ነው፣ ሲጨርስም ተነሡ እንሂድ ነው ያላቸው፣ ትቷቸው አልሄደም። ነገ ስልክህን ሳትከፍት ጀምር፣ ከሳምንት በኋላ እንዴት እንደሆነ ጻፍልኝ፣ ሦስት ቀን ብቻ ቢሆንም ጻፍልኝ።