ወደ መሐል ሜዳ ለምትመጣው እህታችን፦ ሳንባ የሚጎዳው ደጋው ነው ወይስ ጭሱ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባልሽ ከድሬዳዋ ወደ መሐል ሜዳ ተዛውሮ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሌሊት ሌሊት አየር እያጠረው ይነቃል። አንቺም በሚቀጥለው ወር የ4 ዓመት ልጅሽንና አስም ያለባቸውን አማትሽን ይዘሽ ልትከተይው ነው። ጎረቤቶችሽ ደግሞ «ያ አገር ሳንባ ይበላል» ብለው አስፈራሩሽ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ሸዋ ሮቢት ነው። ላለፉት 9 ዓመታት መሐል ሜዳ በምትገኝበት በመንዝ ደጋ በነርስነት እሠራለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ባልሽ ጋ ደውዪ። አንድ ነገር ጠይቂው። የሚተኛበት ክፍል ከሰል ያስገባል? ብርዱ ሲጠና ሰው ምድጃውን ይዞ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ የበሩን ሥር ሳይቀር በጨርቅ ይወትፋል። ፍሙ አመድ ለብሶ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ደህና ነው» ይላል። ደህና አይደለም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። መንዝ ላይ ደግሞ ኦክስጅኑ ቀድሞም የተቆጠበ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ጠዋት ራሱን እያመመው ተነስቶ ውጭ ሲወጣ የሚለቀው ከሆነ ከሰሉን ጠርጥሪ። ሰው ይህን የራስ ምታት «ከፍታው ነው» እያለ ያልፈዋል። አንድ ቀን ግን ሳይነሳ ይቀራል።

ከሰል ከሌለ የሌሊቱ ነገር በአብዛኛው ሌላ ነው። ደጋ ላይ ሰውነት ኦክስጅን ስለሚያንሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ የተቃጠለው አየር (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ከልክ በላይ ይወጣል። ያኔ አንጎል «በቃ፣ አትተንፍስ» ይላል። ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ ይላል። ከዚያ ኦክስጅኑ ሲወርድ ሰውየው በድንጋጤ በረጅሙ ስቦ ይነቃል። ያስፈራል፤ ጤነኛ ሰውን ግን ብዙም አይጎዳም። ብዙዎችን በቀናት ውስጥ እየቀለላቸው ይሄዳል። ሁለት ሳምንት አልፎትም ካልተሻለው፣ በጣም የሚያንኮራፋ ከሆነ፣ ወይም ቀን ሲራመድም የሚያጥረው ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ይታይ።

አሁን ወደ ደጋው ልምጣ። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው መስመር ላይ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ጣርማበር ላይ ውሃሽን ጠጥተሽ ባዶውን ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊው። ዋሻውን አልፈሽ፣ ደብረ ሲናን ወርደሽ፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ ላስቲኩ ሆዱ ጎድጉዶ ታገኚዋለሽ። ማንም አልጨመቀውም። የቆላው አየር ነው የተጫነው። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ። በአንድ ዳገት ከ1,700 ሜትር በላይ ልዩነት አለ።

ብዙ ሰው «ደጋ ላይ ኦክስጅን የለም» ይላል። አለ። ድሬዳዋም ሆነ መንዝ፣ ከአየሩ 21 ከመቶው ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ የምትስቢው ያንሳል። መሐል ሜዳ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛውን ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከድሬዳዋ ጋር ስታስተያዪው አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላል። ማድ ቤትም ውስጥ ታይዋለሽ፤ ውሃው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ሽምብራና ባቄላ አልበስል ብሎ ያስመርርሻል።

እኔ ተመድቤ የመጣሁ ቀን ጠዋት ሸዋ ሮቢት ላቤን እየጠረግኩ ነበር። ከሰዓት በኋላ መሐል ሜዳ ገባሁ። ማታ ራሴን ለሁለት የሚከፍል ሕመም ያዘኝ። እራት አልወርድ አለኝ፣ አቅለሸለሸኝ። ቤት ያከራዩኝ እናት «ብርድ ነው የመታሽ ልጄ» ብለው ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ደራረቡልኝ። አረቄም በመለኪያ አመጡልኝ። እምቢ ማለት ከበደኝና ጠጣሁት። ሌሊቱ አልነጋ አለኝ።

ይህ የከፍታ ሕመም ይባላል። ከ2,500 ሜትር በላይ በፍጥነት የወጣን ሰው ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምርና በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ወጣት ነኝ፣ ስፖርተኛ ነኝ ማለት አያድንም። የሚያድነው ቀስ ብሎ መውጣት ነው። ስለዚህ በአንድ ጉዞ አትምጡ። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሌሊት እደሩ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ስለሆነች እዚያም አንድ ወይም ሁለት ሌሊት እደሩ። ከዚያ በጣርማበር፣ በመዘዞና በሞላሌ አድርጋችሁ ግቡ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዕቃ አትሸከሚ፣ ውሃ ጠጪ፣ ምግብ በትንሽ በትንሹ ብዪ። የመንዝ ሰው እንግዳ ወዳድ ነው፤ «ለብርዱ» እያለ አረቄ ያቀርብልሻል። ለሁለት ሦስት ቀን እምቢ በይ። አልኮል እንቅልፍ ላይ ያለን ትንፋሽ ያደክማል። የእንቅልፍ ኪኒንም እንደዚያው።

የ4 ዓመት ልጅ «ራሴን አመመኝ» አይልሽም። ይነጫነጫል፣ ምግብ ይገፋል፣ ያስመልሳል፣ ጨዋታ ይጠላል። እንዲህ ካየሽ ወደ ላይ መውጣት ይቁም፤ ካልቀለለው ወደ ታች ውረዱ።

እዚህ ላይ ልብ በይልኝ። ሳንባ ኦክስጅን ሲያንሰው የራሱን የደም ሥሮች ያጠብባል። በአንዳንድ ሰው ላይ ይህ ከልክ ያልፍና ግፊቱ ፈሳሽ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይገፋል። ሳንባ ውኃ ቋጠረ የሚባለው ነው። ብዙውን ጊዜ ከደረሱ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ይመጣል። ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ ማጠር፣ የማያባራ ሳል፣ አረፋ ያለው ቀላ ያለ አክታ፣ የከንፈር መጥቆር ምልክቶቹ ናቸው። ሰውየው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደና ከዘባረቀ ደግሞ አንጎሉ ተነክቷል። ያኔ እስኪነጋ አትጠብቂ። ጤና ተቋም፣ ኦክስጅን፣ ከዚያም ወደ ታች መውረድ ነው። በእኛ ከፍታ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፤ ሲያጋጥም ግን በሰዓታት ይገድላል። እዚሁ ተወልደው ቆላ ከርመው የሚመለሱ ልጆችንም ሊይዝ ይችላል።

ያንን ካለፍሽ ሰውነትሽ ራሱ ይሠራል። ኩላሊት ደም አምርቱ የሚል ሆርሞን ይለቃል፤ በሳምንታት ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳትሽ ይጨምራሉ። ዳገቱም እየቀለለሽ ይሄዳል። (ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ክትትልሽን በጊዜ ጀምሪ፤ ከፍታ የሚወለደውን ሕፃን ክብደት ትንሽ ይቀንሳል።)

አገሬውማ ሌላ ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ሰሜን ተራሮች ላይ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን የለኩበትን ጥናት አሳተሙ። የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። የሄሞግሎቢናቸው (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) መጠንም ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ ያለው ሕዝብ በደም መብዛት ነው የተቋቋመው፤ አንዳንዱ ደሙ ወፍሮ እስከ መታመም ይደርሳል። የእኛዎቹ ደማቸው ሳይወፍር ኦክስጅናቸው ሞልቷል። እነዚህ ሰዎች ሳንባቸው የተበላ ሰዎች አይደሉም። ሮም ላይ በ1960 እ.ኤ.አ. በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላም የተወለደው እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ ነው።

ታዲያ በየጤና ጣቢያው እያሳሉ የሚመጡት እናቶች ከየት መጡ?

የእናቴ ታላቅ እህት መንዝ ነው የተዳረችው። ከልጅነቷ ጀምሮ በኩበት ነው የምትጋግረው። ቤቷ የድንጋይ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን ነው። ብርድ እንዳይገባ ተብሎ መስኮት አልወጣለትም። ምጣዱ የተተከለው መኝታው አጠገብ ነው። ቀና ብለሽ ጣሪያውን ስታዪ ማገሩ በጥላሸት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። በጣትሽ ብትነኪው እንደ ቅባት ይይዝሻል። ያ ጥላሸት ሳንባዋም ውስጥ አለ።

ጠዋት ጠዋት ሳሏ ከደጅ ይሰማል። ሁሉም «ደጋው ነው» ይላል። አንድ ጤና ተቋም ሄዳም «ከፍታው ነው፣ ትለምጂዋለሽ» ተብላ ተመለሰች። 60 ዓመት እዚያው የኖረች ሴት ናት! ምኑን ነው የምትለምደው? ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንዲህ እየተባለ አራት ዓመት አለፈ።

በበዓል ልጠይቃት ስሄድ ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ይዤ ነበር። አደረግኩላት። ከመቶ 79 አለ። ማሽኑ የተሳሳተ መስሎኝ እጇን አሽቼ፣ አሙቄ ደገምኩት። ያው 79። አጠገቧ ቡና የምትጠጣ እኩያዋ ጎረቤት ነበረች። የእሷን ለካሁ። 93 አለ። አንድ ቀዬ፣ አንድ አየር፣ አንድ ከፍታ። ልዩነቱ ጎረቤቷ ልጇ ማድ ቤት ለብቻ ከሠራላት ብዙ ዓመት መሆኑ ነው።

ሆስፒታል ወሰድኳት። የአክታ ምርመራ ተደረገላት፤ ቲቢ አይደለም። ሥር የሰደደ የመተንፈሻ ቧንቧ መጥበብ ነው፣ ሐኪሞች ሲኦፒዲ የሚሉት። ብዙ ሰው የሲጋራ በሽታ ይመስለዋል። አክስቴ ሲጋራ በእጇም አልነካች።

ደጋው ምንም የለበትም እያልኩሽ አይደለም። ጤነኛ ሳንባ ትርፍ አለው፤ ኦክስጅኑ ቢሳሳም ይችለዋል። የተጎዳ ሳንባ ያ ትርፍ የለውም። አክስቴ ሸዋ ሮቢት ብትኖር ኖሮ ምናልባት 90 ይላት ነበር፤ በሽታው ተደብቆ ይቆይ ነበር። ደጋው ያጋልጠዋል እንጂ አይፈጥረውም። ደጋው ሌላም ነገር ያደርጋል፤ ብርዱ ቤት ያስዘጋል። ጭሱን ከእኛ ጋር የሚቆልፈው ብርዱ ነው። ስለዚህ መንዝ ላይ የሚያስል ሰው ካየሽ «ደጋው ነው» ብለሽ አትለፊ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ይመርመር።

ቤት ስትከራዩ ከግድግዳው ውበት በፊት ማድ ቤቱን እዪ። ከመኝታው የተለየ ይሁን፤ ጭስ የሚወጣበት መስኮት ይኑረው። መብራት ካለ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግሪ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ቤቱን ወለል አድርገሽ ክፈቺው። ለሌሊቱ ብርድ ባናና ጋቢ ደርቡ። የመንዝ ባና ብርድ አያስገባም።

አማትሽን በተመለከተ ሳይነሱ ድሬዳዋ ሐኪም ይያቸው። ልብ ድካም ካለባቸው ወይም ቁጭ ብለው የሚያጥራቸው ከሆነ መምጣታቸውን ሐኪሙ ይወስን። አስማቸው የተረጋጋ ከሆነ ግን ያን ያህል አትፍሪ። የቤት አቧራ ውስጥ የምትኖረውና አስም የምትቀሰቅሰው በዓይን የማትታይ ነፍሳት ደረቅና ቀዝቃዛ ደጋ አይስማማትም። አንዳንድ አስመኛ ደጋ ላይ የሚሻለው ለዚህ ነው። የሚቀሰቅስባቸው ጭሱና የጠዋቱ ውርጭ ነው። ጠዋት ሲወጡ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ይሸፍኑ።

ፓፋቸውን (በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት) ቢያንስ ለሁለት ወር የሚበቃ ይያዙ። የሚያስታግሰውንም፣ በየቀኑ የሚወሰደውንም። ፓፍ በብርድ ሲቀዘቅዝ መድኃኒቱን በደንብ አይረጭም። ስለዚህ ማታ ጋቢው ውስጥ፣ ገላቸው አጠገብ ያድርጉት። ፓፉንና ትንፋሻቸውን ማገናኘት ካቃታቸው የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አጥበሽ አድርቂ። ቂጡ ላይ የፓፉን አፍ ልክ የሚያስገባ ቀዳዳ አውጪለት። እሳቸው በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተንፍሱ። አንድ ጊዜ ነፍተሽ አራት አምስት ጊዜ ቀስ ብለው ይሳቡ። አክስቴም በዚህ ነው የምትወስደው። አሁን ምጣዷ ከቤት ወጥቷል። ባለፈው ስለካት 86 ነበር። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ታርፋለች።

በይ አሁን ባልሽ ጋ ደውዪ። ስለ ከሰሉ ያለሽን እዚሁ ጻፊልኝ። ዛሬ ማታ ተረኛ ነኝ፣ አየዋለሁ።