ከስንቱ? ለወጣት ተከራካሪዎች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የጤና መረጃ በመሰብሰብ፣ በማጥራትና በመተንተን ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠንጠረዥ ሳገላብጥ ኖሬ ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ የምታካሂዱትን ክርክር ስከታተል ደስታም ስጋትም ይሰማኛል። በእኔ ወጣትነት ብዙ ክርክር የሚዘጋው «ትልቅ ሰው እንዲህ ብሏል» በሚል ቃል ነበርና፣ እናንተ «ማስረጃህ የት አለ?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ያስደስተኛል። የሚያሰጋኝ ደግሞ ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው ነገር፣ ብዙ ጊዜ ከነበረበት ቦታ ተቆርጦ የወጣ፣ ለማስረዳት ሳይሆን ለማሸነፍ የተመዘዘ ቁራጭ መሆኑ ነው።

ቋንቋችን መረጃን ከማስረጃ የለየው በከንቱ አይደለም። መረጃ ያየነው፣ የሰማነው፣ የደረሰን ሁሉ ነው፤ ማስረጃ ግን ስሙ እንደሚናገረው የሚያስረዳ፣ የተነሣውን ጥያቄ በቀጥታ የሚነካ መረጃ ነው። አንድ ፎቶግራፍ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ የተነሣው ከዓመታት በፊት በሌላ አገር ከሆነ ግን ስለ ትናንቱ ክስተት የሚያስረዳው አንዳች ነገር የለም። የምስልን መነሻ ፈልጎ ማግኘትን ከእኔ በተሻለ ስለምታውቁበት በዚህ አልቆይም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ቁጥር ነው፤ እውነተኛ ቁጥር ይዞ ሰውን ማሳሳት ይቻላልና፤ አሳሳቹም ብዙ ጊዜ እያሳሳተ መሆኑን አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ፣ በዚያን ጊዜ አዲስ የነበሩ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ። ዜናው «በእጥፍ» የሚለውን ቃል ይዞ ተሰራጨ፤ ቃሉም ሐሰት አልነበረም። ወደ ቁጥሩ ጠጋ ብለን ስናይ ግን፣ የቀድሞዎቹን እንክብሎች ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች አንዷን ያገኝ የነበረው ችግር፣ አዲሶቹን ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች ሁለቱን ያገኛል ማለት ነበር። «በእጥፍ ጨመረ» እና «ከ7,000 ሰው በአንድ ጨመረ» የሚሉት አንድን እውነት ይናገራሉ፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ብቻ የሰማ ይደነግጣል፣ ሁለቱንም የሰማ ያመዛዝናል። ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ፤ በተከታዩ ዓመትም በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13,000 የሚገመት ተጨማሪ ፅንስ ማቋረጥ ተፈጸመ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ እርግዝና ራሱ ደም የመርጋትን አደጋ ከእንክብሉ የበለጠ የሚጨምር መሆኑ ነው።

ስለዚህ ቁጥር ሲቀርብላችሁ አስቀድማችሁ «ከስንቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ የሚሠራውን ሥራ ለማየት አንድ ምሳሌ በወረቀት ላይ ከእኔ ጋር አስሉ። 1,000 ነዋሪዎች ባሉበት መንደር 900ዎቹ ክትባት ወስደዋል፣ 100ዎቹ አልወሰዱም እንበል። በሽታው ሲገባ ከተከተቡት 18፣ ካልተከተቡት 10 ሰዎች ታመሙ። አንድ ሰው ተነሥቶ «ከታመሙት 28 ሰዎች 18ቱ የተከተቡ ናቸው፤ እንግዲህ ክትባቱ ምን ጠቀመ?» ብሎ ቢጽፍ፣ ከቁጥሮቹ አንዱም ስሕተት የለበትም። ነገር ግን 18ቱ የታመሙት ከ900 ሲሆን ይህም ከመቶ 2 ነው፤ 10ሩ ደግሞ የታመሙት ከ100 ነው፤ ይህም ከመቶ 10 ነው። ያልተከተበው ሰው የመታመም ዕድሉ አምስት እጥፍ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ከየት እንደወጡ ስላልተነገረ ብቻ ሠንጠረዡ የተናገረው ነገር ተገልብጦ ተነበበ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚያጋራ ሰው ሁሉ ዋሾ ነው ብላችሁ አትነሡ፤ ብዙው በቅንነት የተሳሳተ ነውና፣ ስድብ ሲቀበለው ስሕተቱን የባሰ አጥብቆ ይይዛል። ስሌቱን አብራችሁት ሥሩ።

አንድ ጥናት ብቻ ይዞ መከራከርም ከዚህ አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት፣ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጥርጣሬ ያስነሣ ጽሑፍ ታተመ። የተጠኑት ሕፃናት 12 ነበሩ። በ2002 ከዴንማርክ የወጣ ጥናት ከ537,000 በላይ ሕፃናትን ተከታትሎ በሁለቱ መካከል ግንኙነት አላገኘም፤ ላንሴትም በ2010 የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሰረዘው። መጽሔት ጽሑፍን ሊሰርዝ ይችላል፤ በሰዎች ስልክ ውስጥ ያለውን ስክሪንሾት ግን ሊሰርዝ አይችልም። «ጥናት አረጋግጧል» የሚል ሲመጣላችሁ ጥናቱ ስንት ሰው እንዳየ፣ ሌሎች ደግመው ሲሞክሩት ምን እንዳገኙ፣ ዛሬም በቦታው መኖሩን አረጋግጡ።

እስካሁን የጻፍኩት ማስረጃ ስለሚያቀርቡ ሰዎች ነው፤ ማስረጃን በመጠየቅ ክርክርን ስለሚጎዱ ሰዎችም መናገር አለብኝ፤ ይህ ስውር ስለሆነ ነው ይበልጥ የምፈራው። እ.ኤ.አ. በ1950 ሲጋራንና የሳንባ ካንሰርን የሚያገናኙ ጠንካራ ጥናቶች በብሪታንያና በአሜሪካ ታትመው ነበር። በጃንዋሪ 1954 የአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያዎች ከ400 በላይ በሆኑ ጋዜጦች ባወጡት መግለጫ፣ ጉዳዩ ገና እንዳልተቋጨ፣ ተጨማሪ ምርምርም እንደሚደግፉ አስታወቁ። ከውጭ ለሚያነብ ሰው የሳይንቲስት ጥንቃቄ ይመስላል። በ1969 በአንድ ትምባሆ አምራች ውስጥ የተጻፈና በኋላ ይፋ የወጣ ሰነድ ግን «ጥርጣሬ ምርታችን ነው» ይላል። ዛሬም አንድ ማስረጃ ሲቀርብለት ሌላ፣ ሌላው ሲቀርብለት ደግሞ ሦስተኛ የሚጠይቅ፣ የቀረበለትን ግን አንብቦ የማይመልስ ተከራካሪ ያጋጥማችኋል። እርሱን «ምን ቢቀርብልህ ሐሳብህን ትለውጣለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቁርጥ ያለ መልስ ከሰጠ ክርክሩ ይቀጥል፤ ካልሰጠ ግን ጊዜያችሁን ለሚያነቡት ሌሎች ሰዎች አውሉት። ያንኑ ጥያቄ ለራሳችሁም አቅርቡ፤ እኔ በሥራዬ ዘመን በጣም የከበደኝ ይህ ነው፣ የምወደውን ድምዳሜ የሚደግፍ ሠንጠረዥ ሲገኝ እጄ ሳይፈትሽ ይፈርም ነበርና።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሙያ ባልደረቦቼ በሚገኙበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ፣ የአንድ በሽታ ታማሚዎች ቁጥር በሁለት ዓመት ውስጥ በሦስት እጥፍ ማደጉን የሚያሳይ ግራፍ አጋራሁ። ስለ በሽታው አስቀድሜ ስጽፍ የቆየሁ በመሆኔ፣ ግራፉ የእኔን ሐሳብ ያረጋገጠ መስሎኝ ነበር። ገና ሥራ የጀመረች አንዲት ወጣት ባለሙያ በትሕትና «አባባ፣ በእነዚህ ሁለት ዓመታት የተመረመረው ሰው ስንት ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። ወደ ምንጩ ስመለስ የተመረመሩት ሰዎች ቁጥር ከአራት እጥፍ በላይ አድጎ አገኘሁት፤ ከተመረመሩት መካከል በሽታው የተገኘባቸው ሰዎች ድርሻ በእርግጥ ቀንሶ ነበር። በዚያው ቀን ግራፉን ሳልሰርዝ፣ ከሥሩ ስሕተቴን፣ ትክክለኛውን ስሌትና ጥያቄውን ላነሣችው ባለሙያ ያለኝን ምስጋና ጽፌ አስቀመጥኩ። ግራፉን ከእኔ ወስደው ወደ ሌሎች ቡድኖች ያስተላለፉ ሰዎች ግን ቀድመው ሄደው ነበርና፣ ለማገኛቸው ሁሉ በየግላቸው ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ያ ግራፍ ከማላውቃቸው ሰዎች ተመልሶ ደርሶኛል፤ እርማቱ አብሮት አልነበረም። ሁለቱንም ጊዜ እርማቱን ከሥሩ አያይዤ ላኩት።