የ1880ዎቹ የቤንዲጎ ጨዋታ ለምን «አቻ» ተባለ?

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ያለችውን የቤንዲጎ ከተማ የድሮ የአውስትራሊያ ፉትቦል ውጤቶች ከጋዜጣ ወደ ሰንጠረዥ ስትገለብጥ፣ አንድ ጨዋታ «አቻ» መባሉ ግራ አጋብቶሃል። ጋዜጣው ግን አልተሳሳተም። አንዱ ቡድን ብዙ ቢሃይንድ (ከጎሉ ምሰሶ ጎን ያለፈች ኳስ) እያለው አቻ የተባለው፣ በዚያ ዘመን በቪክቶሪያ ጨዋታ የሚወሰነው በጎል ብቻ ስለነበር ነው። ቢሃይንድ ይመዘገባል እንጂ አይቆጠርም። ጎል 6፣ ቢሃይንድ 1 ነጥብ የሆነው የቪክቶሪያ ፉትቦል ሊግ ውድድሩን በጀመረበት በ1897 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)።

ሰንጠረዥህን ስትሞላ፦

1. የድሮውን ውጤት በ6 አታባዛ፤ አሸናፊው ይገለበጥብሃል። ለምሳሌ 4 ጎል ከ2 ቢሃይንድ 26 ነጥብ ይሆናል፣ 3 ጎል ከ10 ቢሃይንድ ግን 28። በጊዜው ያሸነፈው ባለ 4 ጎሉ ነው።

2. ከ1891 በፊት ያለውን ስትፈልግ «ሳንድኸርስት» ብለህም ሞክር፤ ከተማዋ እስከዚያ ድረስ በይፋ የምትጠራው በዚህ ስም ነበር። በዚሁ ስም ክለብም ስላለ ሁለቱን ለይ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ትሮቭ (የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦች የሚገኙበት ድረ ገጽ) ላይ ያለው የጋዜጣ ጽሑፍ በማሽን የተነበበ ነው። 3 እና 8 ይምታታሉ፤ ቁጥር ከመገልበጥህ በፊት የገጹን ምስል ክፈት።