ጭራ ያላት የሎሚ ዛፍ ቢራቢሮ

ጥያቄ፦ የምኖረው በሰበታ ዳርቻ ነው። ከክረምቱ ማብቂያ ወዲህ በጓሮዬ ቀድሞ አይቼው የማላውቀው ትልቅ ቢራቢሮ ይመላለሳል። ክንፉ ፈዛዛ ቢጫ፣ ዳር ዳሩ ጥቁር ሲሆን፣ ከኋላ ክንፎቹ ሁለት ጭራዎች ወጥተዋል። ለደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ አንድ መጽሐፍ ይህ መልክ የወንዱ ብቻ ነው ይላል፤ እኔ ግን በሎሚዬ ቅጠል ላይ እንቁላል ስትጥል በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ ሌላ ዝርያ ይሆን?

መልስ፦ ዝርያው ያው መጽሐፉ የጠቀሰው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ የሚባለው ነው። በሎሚ ዛፍ ዙሪያ አዘውትሮ የሚታየው ዘመዱ፣ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ፣ በጥቁር መደብ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ የተበተነበትና ጭራ የሌለው ስለሆነ ከዚህኛው ጋር አይምታታም።

ልዩነቱ ያለው በአገሩ ላይ ነው። በአብዛኛው የአፍሪካ ምድር የዚህ ዝርያ ሴቶች ጭራ የላቸውም፤ ወፎች መርዛማነታቸውን አውቀው የሚተዉአቸውን ሌሎች ቢራቢሮዎች መልክ ስለሚይዙ፣ ከወንዶቹ ጋር አንድ ዘር መሆናቸውን ለማመን እንኳ ያስቸግራል። በኢትዮጵያ ግን አብዛኞቹ ሴቶች የወንዱን ቢጫ መልክ ከነጭራው ይዘው ይገኛሉ፤ የሌላ ቢራቢሮ ቀለም የለበሱት ጥቂቶቹም ቢሆኑ ጭራ አላቸው። ይህ የአገራችን ንዑስ ዝርያ አንቲኖሪ የሚለውን ስም ያገኘው፣ በሸዋ ልጥ ማረፊያ በሚባል ስፍራ ተቀምጦ የተፈጥሮ ናሙናዎችን ሲሰበስብ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ከሞተው ከጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ነው።

ስለዚህ በእኛ አገር ጾታውን በጭራ መለየት አይቻልም። ለአፍታ ቅጠል ላይ አርፋ፣ የሆዷን ጫፍ አጥፋ፣ አንዲት እንቁላል ለጥፋ የምትነሳ ከሆነ ግን ሴት ለመሆኗ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ምልከታዎም እጅግ ዋጋ ያለው ነው።

ቢራቢሮው ጫካ ወዳድ በመሆኑ ዛፍ በተመናመነበት ሰፈር እምብዛም አይታይም፤ ከመናገሻ ሱባ ደን ብዙም በማይርቀው ሰበታ መገኘቱ ግን አያስደንቅም። አባጨጓሬው በጫካ ውስጥ ከሚመገባቸው ዕፅዋት አንዱ ልምጭ ነው፤ ልምጭ ደግሞ ከሎሚና ከጤና አዳም ጋር የአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ አባል ነው።

አባጨጓሬዎቹ ሲወጡ መድኃኒት እንዳይረጩባቸው አደራ እላለሁ። ሲነኩ ከራሳቸው ኋላ ሹካ መሰል፣ መጥፎ ሽታ ያለው ቀንድ ብቅ ቢያደርጉም ሰውን አይጎዱም። እንቁላሉ የሚጣለው አንድ በአንድ ስለሆነ፣ ያደገ የሎሚ ዛፍ የሚያጣቸውን ጥቂት ቅጠሎች በቀላሉ ይተካቸዋል።