ሐኪም ቤት እስክንደርስ፦ ስለ ቤተሰብ ሕመምና ጉዳት ጥያቄና መልስ

የእድራችን አባላት ስለ ቤተሰባቸው ጤና ያላቸውን ጥያቄ በወረቀት ጽፈው እንዲያስገቡና እኔም እንድመልስ ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ተወስኖ ነበር። በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በነርስነት ባገለገልኩባቸው 19 ዓመታት ደጋግሞ ያሳዘነኝ ነገር ቢኖር፣ ብዙ ጊዜ ጉዳቱን ያከበደው አደጋው ወይም በሽታው ሳይሆን በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቤተሰብ በቅን ልቡና ያደረገው ነገር መሆኑ ነው። ስለዚህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ይህን ግማሽ ሰዓት የሚመለከቱትን አስቀድሜአለሁ።

ጥያቄ፦ የ11 ወር ልጄን ተቅማጥ ከያዘው ሦስት ቀኑ ነው። እናቴ «የጥርስ ነው፤ የወተት ጥርሱ ይነቀል» ትላለች። ኦአርኤስ ብሰጠውም ያስመልሰዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ድዱን እንዳያስነኩት እለምንዎታለሁ። ጥርስ የሚበቅልበት ዕድሜና ሕፃን እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከትበት ዕድሜ አንድ ስለሆነ ተቅማጡ ከጥርስ የመጣ ይመስላል እንጂ፣ የሚያመጣው በእጅ፣ በውሃና በዕቃ በኩል የሚገባ ጀርም ነው። ንጽሕናው ባልተጠበቀ መሣሪያ ድድ ሲቧጠጥ ደግሞ መድማት፣ የደም መመረዝና መንጋጋ ቆልፍ ሊከተል ይችላል። እናትዎ ይህን የሚሉት ለልጁ ከማሰብ ነውና ሳይቆጡ ያስረዷቸው።

ተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው ውሃውንና ጨውን አሟጦ ስለሚያወጣበት ነው። ኦአርኤሱ ደግሞ የሚሠራው ልኬቱ ሲጠበቅ ብቻ ነው። አንዱ ከረጢት በሙሉ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ብዙ እናቶች ጥቂት ዱቄት በብርጭቆ ውሃ ላይ በግምት ሲነሰንሱ አይቻለሁ፤ ጨው የበዛበት ኦአርኤስ ልጁን ይጎዳዋል፣ የቀጠነው ደግሞ አይበቃውም። ከገበያ የተገዛ የአንድ ሊትር ሃይላንድ በቤት ካለ በደንብ ታጥቦ መለኪያ ይሁንዎት። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥም፤ የተረፈው ይደፋል። ሲያስመልሰው አሥር ደቂቃ ያህል ይታገሡና በሻይ ማንኪያ ጥቂት በጥቂት፣ እያረፉ ይስጡት። በጡጦ ወይም በኩባያ በአንድ ጊዜ የተጋተው መልሶ መውጣቱ አይቀርም። ጡትም ምግብም አይቋረጥበት። ከጤና ጣቢያ ዚንክ ይሰጥዎታል፤ ተቅማጡ በሁለተኛው ቀን ቢቆም እንኳ አሥሩ ቀን መሞላት አለበት።

የእርስዎ ልጅ ግን ሦስት ቀን ስለሞላውና ስለሚያስመልሰው ዛሬውኑ ይታይ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ ከሆነ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም ሰገራው ደም ከቀላቀለ ሌሊትም ቢሆን አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ልጅ በፈላ ውሃ ሲቃጠል መጀመሪያ ምን ይቀባል? የጥርስ ሳሙና ይሻላል ወይስ እንቁላል?

መልስ፦ ምንም አይቀባም። አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ የጀበናውን ጆሮ ጎትታ ቡናው እጇና ክንዷ ላይ ፈስሶባት የመጣችበትን ቀን አልረሳውም። አያቷ በጥንቃቄ የጥርስ ሳሙና ቀብተው፣ በላዩም በጥጥ ሸፍነው ነበር ያመጧት። መድኃኒት ከማድረጋችን በፊት የደረቀውን ሳሙና ከጥጡ ጋር ከላላው ቆዳ ላይ መልሰን መፋቅ ነበረብን፤ የልጅቷ ጩኸት ከቃጠሎው የበለጠው በዚያን ጊዜ ነው። አያቷ በር ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር።

የተቃጠለውን ቦታ ወዲያውኑ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ያቀዝቅዙት። ሃያ ደቂቃ ልጅ ለሚያለቅስበት ወላጅ ረጅም ነው፤ ቢሆንም ሙቀቱ ከቆዳው በታች እየዘለቀ እንዳይሄድ የሚያደርገው ይኸው ነው። የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ከሆነ ከጀሪካን በጆግ እየቀዱ በዝግታ ያፍስሱበት። በረዶ አይደረግም። ቦታው ከማበጡ በፊት ቀለበትና አምባር ይውለቅ፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን አይጎተት፤ ውሃ የቋጠረውም አይፈንዳ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርገው ይሸፍኑትና ሌላውን ሰውነቱን ብርድ እንዳይመታው ያልብሱት። ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ከተቃጠለ፣ ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም የኤሌክትሪክ ከሆነ ሐኪም ሳያየው መቅረት የለበትም።

ቡና የሚፈላው መሬት ላይ መሆኑ ባህላችን ነው፤ ሆኖም የሚድህ ልጅ ባለበት ቤት ከሰል ምድጃውና ረከቦቱ ግድግዳ ጥግ ይሁኑ፣ ልጁም በሌላ ሰው እጅ ይያዝ። ልጅ ሲታጠብ ደግሞ ሳፋው ውስጥ አስቀድሞ ቀዝቃዛው ውሃ ይግባ፣ የፈላው ከኋላ ይጨመር። ብዙ ልጆች የተቃጠሉት የፈላው ውሃ ብቻውን ተቀምጦ እናት ቀዝቃዛውን ልታመጣ ዞር ባለችበት ቅጽበት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄን ነስር ሲይዘው ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አድርጌ ውሃ አፈስበታለሁ። ትክክል ነው?

መልስ፦ ወደ ኋላ አይደረግም፤ ደሙ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል። ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ያዘንብል፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ቆንጥጠው ለአሥር ደቂቃ ሳይለቁ ይያዙት፤ በአፉ ይተንፍስ። እየለቀቁ ማየት ያራዝመዋል። ይህን ሁለት ጊዜ ደግመው ካልቆመ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ወልዳ አራስ ቤት ናት። ብርዱ ስለጠና ማታ ከሰል እናስገባለን፤ ጭሱ እስኪያልቅ ግን ውጭ እናቆየዋለን። ችግር አለው?

መልስ፦ እባክዎ ዛሬ ማታ ያውጡት። የሚገድለው ጭሱ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ ይህም ሽታም ቀለምም የለውም። ጭሱ አልቆ በደንብ የቀላው ፍም ጋዙን መልቀቁን አያቆምም። ጋዙ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ክፍል ከኦክስጅኑ ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰው በእንቅልፉ ላይ ሳለ ሳይታነቅና ሳያስለው ያልፋል። አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥ ወይም ዕጣን ማጨስ ምንም አያግዝም።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም በአንድ ቤት ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከያዛቸው ጉንፋን ነው ብለው አይለፉት። በርና መስኮት ከፍተው ሁሉም ወደ ውጭ ይውጡ። ራሱን የሳተ ካለ አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይጠራሉ። ጨቅላውን ለማሞቅ ከእናቱ ገላ የተሻለ ነገር የለም፤ ደረቷ ላይ ራቁቱን አስተኝተው፣ ኮፍያና ካልሲ አድርገውለት፣ ሁለቱንም በጋቢ ይሸፍኗቸው።

ጥያቄ፦ ሐኪም ቤት በሄድኩ ቁጥር «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» እባላለሁ። በዓመት ሦስቴ መድኃኒት ወስጃለሁ። ለምን አይለቀኝም?

መልስ፦ ምናልባት መጀመሪያውኑ ስላልያዘዎት ነው። ታይፎይድ በሰገራ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጣ በሽታ ነው። አባቶቻችን ተስቦ የሚሉት ታይፈስ ግን በሰውነት ቅማል ይተላለፋል። መንገዳቸው የተለያየ ሁለት በሽታዎች አንድን ሰው በዓመት ሦስት ጊዜ አብረው ይይዙታል ማለት ለማመን ይከብዳል። ብዙ ቦታ የሚሠሩት የዊዳልና የዌይል ፊሊክስ ምርመራዎች ጀርሙን ራሱን አያሳዩም፤ ሰውነት ያዘጋጀውን መከላከያ ነው የሚያሳዩት። ያም ከቀድሞ ሕመም ወይም ከሌላ ጀርም የተረፈ ሊሆን ስለሚችል በአንድ ጊዜ ውጤት ብቻ በሽታው አለ ማለት አይቻልም። ታይፎይድን በአስተማማኝነት የሚያሳየው የደም ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚያሳይ ምርመራ ነው።

ጉዳቱ ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም። በየጊዜው የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ጀርሞችን ያለማምዳል፤ እውነተኛው በሽታ፣ ለምሳሌ ሳንባ ነቀርሳ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ተሸፍኖ ይቆያል። በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪምዎን «ትኩሳቴን ሌላ ምን ሊያመጣው ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። በተለይ ባለፉት ሳምንታት ወደ ቆላ፣ ለምሳሌ ወደ መተሐራ፣ አርባ ምንጭ ወይም ጋምቤላ ሄደው ከነበረ ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ወባ ከ2000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ይበዛልና አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ሲነሣ ማንም ላያስበው ይችላል።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጃችንን ቶንሲል በየጊዜው ያማታል። ዘመድ «እንጥሏን አስቆርጧት» ይለናል። እኛ ግን በሻይና በዝንጅብል ነው የምናሳልፈው።

መልስ፦ እንጥል ማስቆረጥ ምንም አይፈይድም፤ ደም ፈስሶ የሞቱ ልጆች አሉ። ዝንጅብሉ ጉሮሮዋን ሊያስታግስላት ይችላል። ይህ ጥያቄ ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛልና ትንሽ ታገሡኝ። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ከንፍጥና ከሳል ጋር መጥቶ በራሱ ይሄዳል። አንዱ ዓይነት ግን ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ ድንገት ይጀምራል፣ ትኩሳት አለው፣ ለመዋጥ ያስቸግራል፣ አንገት ሥር ያሉት ዕጢዎች ያብጣሉ፣ ሳል ብዙውን ጊዜ የለውም። ይህ ሳይታከም ሲቀር ጉሮሮው ቢድንም፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ያዘጋጀው ኃይል ወደ መገጣጠሚያና ወደ ልብ ሊዞር ይችላል። ጉልበቷ አብጦ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ፣ እሱ ሲሻላት ክርኗ ካመማት ይህ መሆኑን ይጠርጥሩ። በልብ ውስጥ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉት ቫልቮች ከተጎዱ ልጅቷ ለዕድሜ ልክ ሕመምተኛ ልትሆን ትችላለች። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ሕክምና ማዕከል ደጃፍ ከሚመላለሱት ልጆች መካከል ልባቸው በዚህ መንገድ የተጎዳ ብዙዎች ናቸው።

ሕክምናው ግን ቀላልና ርካሽ ነው፤ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለአሥር ቀን የሚዋጥ መድኃኒት። ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከተሰጠ ልብን ያድናል። በሦስተኛው ቀን ተሻላት ብለው የሚዋጠውን አያቋርጡባት።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል። ወጌሻ ጋ ወስደነው በቀርከሃ ታስሯል። አሁን ጣቶቹ አብጠዋል፤ «እየደነዘዘኝ ነው» ይላል።

መልስ፦ ይህን እንዳነበብኩ ለአባቱ ደውዬአለሁ፤ ማሰሪያው ተፈትቶ ልጁም ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። ወጌሻን አልንቅም፤ በብዙ አገር ቤት ያለው እሱ ብቻ ነው። ነገር ግን የተሰበረ አጥንት ዙሪያውን በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ሥጋው ውስጡ ያብጣል፣ ማሰሪያው ግን አይሰፋም፣ ደምም መመላለሱን ያቆማል። እጅና እግራቸው በዚህ ምክንያት የተቆረጠ ልጆችን በዓይኔ አይቻለሁ። ጣት ሲቀዘቅዝ፣ ሲገረጣ ወይም ሲጠቁር፣ ሲደነዝዝ፣ ሕመሙም ከስብራቱ ቀን ይልቅ ሲብስ ማንንም ሳታስፈቅዱ ፍቱት። የሚቆጠረው ጊዜ በሰዓታት ነው። ስብራት ሲያጋጥም ክንዱን ባለበት ሁኔታ በካርቶን ደግፋችሁ፣ በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥላችሁ ራጅ ወዳለበት ውሰዱት።

ጥያቄ፦ ልጅ በረኪና ወይም ላምባ ቢጠጣ ወተት ሰጥቶ ማስመለስ ይጠቅማል?

መልስ፦ አይጠቅምም፤ ይጎዳል። በረኪና ሲገባ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲወጣ ይደግመዋል፤ ላምባ ደግሞ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባ ይገባል። አፉን በውሃ አጥበው፣ የጠጣበትን ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ በረኪናን በውሃ ሃይላንድ ገዝተን ከውሃው አጠገብ ማስቀመጣችን ነው፤ ልጁ ያደረገው እኛ በየቀኑ ስናደርግ ያየውን ነው።

ጥያቄ፦ የጎረቤት ውሻ ልጄን በትንሹ ነክሶታል። ውሻውን እንግደለው? ጸበል መሄድስ ይበቃል?

መልስ፦ ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ አይዘናጉ። አሁኑኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያጥቡት፤ ቅቤም ፌጦም አይደረግበት። ከዚያ በዚያው ቀን ለክትባት ይውሰዱት፤ የተሰጠውንም ቀጠሮ አንድም ሳያጎድሉ ይጨርሱ። ውሻውን አይግደሉት፤ ታስሮ ለአሥር ቀን ቢታይ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ጸበሉን እኔም የምወስድ ሰው ነኝ፤ ክትባቱን ወስዶ ጸበል መሄድን የሚከለክል የለም።

ጥያቄ፦ ትኩሳት ያለበት ልጅ ሲንቀጠቀጥ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ማንኪያም በጥርሱ መሐል ማድረግ ይረዳል?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉ። የክብሪት ጭስ ትንፋሹን ያውካል፣ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል። ምላሱን ይውጠዋል የሚባለውም እውነት አይደለም። ልጁን በጎኑ አስተኝተው፣ በአጠገቡ ያለውን ጠንካራ ነገር ያርቁ፣ የአንገቱን ልብስ ያላሉለት፣ እጅና እግሩን በኃይል አይያዙት፣ በአፉም ምንም አያስገቡ። ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ደቂቃ ያቆማል። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ከደጋገመው ወይም ካቆመ በኋላ ካልነቃ ይዘውት ይሂዱ፤ ቢያቆምም የትኩሳቱ ምክንያት እንዲታወቅ በዚያው ቀን መታየት አለበት። በድንጋጤ ውስጥ አንዱ ደቂቃ አሥር ስለሚመስል፣ መንቀጥቀጡ ሲጀምር ከቤተሰቡ አንዱ ሰዓት ይያዝ።