ቁልፉ ሲሰረቅ፦ ክላውድ ላይ ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ ታናናሾቼ፣

አዲስ ወደ ሙያው የገባችሁ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «የምስጠራ ቁልፋችን ሰው እጅ ሳይገባ አልቀረም፤ ወዲያው አዲስ ፈጠርን። አለቀ አይደል?» አላለቀም። ሥራው ገና መጀመሩ ነው።

የቤት ቁልፍ ሲጠፋ የበሩን ቁልፍ አስቀይሮ መተኛት ይቻላል። ዳታ ላይ ግን እንደዚያ አይሠራም። ትናንት በአሮጌው ቁልፍ የተመሰጠረ ፋይል ዛሬም የሚከፈተው በአሮጌው ነው። አዲስ ቁልፍ ስለፈጠራችሁ ብቻ የድሮው ፋይል ተነስቶ ራሱን አይመሰጥርም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው አውቶማቲክ ሮቴሽን (ቁልፉ በየጊዜው በራሱ እንዲታደስ ማድረግ) ላይ ነው። የአማዞን ክላውድ ላይ የምስጠራ ቁልፎች የሚፈጠሩበትንና የሚቀመጡበትን አገልግሎት፣ ኬኤምኤስን፣ ውሰዱ። ሮቴሽኑን ስታበሩት፣ ሌላ ጊዜ ካልመረጣችሁ በቀር፣ በ365 ቀን አንዴ አዲስ የቁልፍ ይዘት ያመነጫል። አሮጌውን ግን አይጥለውም፤ የድሮ ፋይሎች እንዲከፈቱ ያስቀምጠዋል። የቁልፉ መለያም ያው ነው። እንግዲህ ሌባው የያዘው በዚያ ቁልፍ የመፍታት ፈቃድ ያለው አካውንት ከሆነ፣ ሮቴሽን አደረጋችሁ አላደረጋችሁ ለእሱ ምኑም አይደለም። የድሮውም የአዲሱም ይከፈትለታል።

ስለዚህ አዲስ ቁልፍ ከመፍጠራችሁ በፊት «በየት በኩል ወጣ?» በሉ። ኬኤምኤስ ውስጥ የተፈጠረ ቁልፍ ሳይመሰጠር ከማሽኑ አይወጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰረቀው ቁልፉን የመጠቀም ፈቃድ ነው። ከውጭ አምጥታችሁ ያስገባችሁት ቁልፍ ከሆነ ግን ቅጂው የሆነ ሰው ላፕቶፕ ላይ ሊኖር ይችላል። ኮድ ውስጥ ተጽፎ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበትና የሚጋሩበት ድረ ገጽ) ላይ የወጣ ከሆነ ደግሞ መስመሩን ማጥፋት ዋጋ የለውም፤ የድሮው ኮሚት (የተመዘገበው የኮዱ የቀድሞ ቅጂ) ውስጥ ቁጭ ብሏል። ቀዳዳው ሳይደፈን የተፈጠረ አዲስ ቁልፍ አሮጌውን ተከትሎ ነው የሚሄደው።

የላስትፓስን፣ የሰዎችን ፓስወርድ የሚያስቀምጠውን ኩባንያ፣ ጉዳይ ሁሌም አነሳላችኋለሁ፤ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። የደንበኞች ዳታ ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አማዞን ክላውድ ላይ ተመስጥሮ ተቀምጦ ነበር። ኩባንያው በኋላ እንደገለጸው፣ የመፍቻ ቁልፎቹን ማግኘት የሚችሉት አራት መሐንዲሶች ብቻ ነበሩ። ጠላፊው ታዲያ ክላውዱን ሰብሬ ልግባ አላለም። የአንዱን መሐንዲስ የቤት ኮምፒውተር ያዘ። ኮምፒውተሩ ላይ በነበረ ቀዳዳ ያለበት የሚዲያ ሶፍትዌር በኩል ገባና የሚተየበውን ሁሉ የሚቀዳ ፕሮግራም ጫነ። ሰውዬው ማስተር ፓስወርዱን (ሌሎቹን ፓስወርዶች የሚከፍተውን ዋናውን) ሲያስገባ ተቀዳ። ከዚያ ቁልፎቹ፣ ከዚያ ባካፑ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ባካፑ ከተቀዳ በኋላ ኩባንያው መቶ ጊዜ ቁልፍ ቢቀይር፣ ጠላፊው ዘንድ ያለው ቅጂ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ያ ቅጂ የተመሰጠረው በአሮጌው ቁልፍ ነው፤ አሮጌውም እጁ ላይ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ከተሰረቀ የዳታው ይዘት ራሱ ይታይ። ውስጡ የሌላ ሲስተም ፓስወርድ ወይም የኤፒአይ ቶክን (ፕሮግራም ወደ ሌላ ሲስተም የሚገባበት ምስጢራዊ ኮድ) ካለ፣ እነሱም ይቀየሩ። የሰው ስልክ ቁጥርና መታወቂያ ከሆነ ግን የሚቀየር ነገር የለም፤ ለባለቤቶቹ መናገር ነው ያለው።

አሁን ወደ ልፋቱ እንምጣ። ክላውድ ላይ አብዛኛው ምስጠራ ሁለት ደረጃ አለው። ዳታው በዳታ ቁልፍ ይመሰጠራል፤ የዳታ ቁልፉ ደግሞ በዋና ቁልፍ ይመሰጠራል። ዋናው ሲቀየር ትንንሾቹን ቁልፎች ብቻ በአዲሱ መልሶ መመስጠር ይቻላል። ቴራባይቶቹ አይነኩም፣ በአጭር ጊዜ ያልቃል፣ አለቃም ደስ ይለዋል። ችግሩ፣ ዋናውን ቁልፍ የያዘ ሰው የዳታ ቁልፎቹን ቀድሞ ፈትቶ አስቀምጧቸው ሊሆን ይችላል። ያኔ ዳታው ራሱ ተፈትቶ በአዲስ የዳታ ቁልፍ እንደገና መመስጠር አለበት። የትኛው እንደሚያስፈልግ ለመለየት የክላውድትሬይል ሎግ (አማዞን ላይ ማን ምን እንዳደረገ የሚመዘግበው መዝገብ) ይረዳችኋል፦ ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው አይፒ ፈታ? ግን ቁልፉ ራሱ ከወጣ ሌባው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚፈታው፤ ሎግ ላይ ምንም አታዩም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከተጠራጠራችሁ ከባዱን መንገድ ምረጡ።

በቅድሚያ አዲስ የሚጻፈው ሁሉ በአዲሱ ቁልፍ እንዲጻፍ አድርጉ፤ አለበለዚያ ከኋላ ስታጸዱ ከፊት ይቆሽሻል። ኤስ3 (የአማዞን የፋይል ማስቀመጫ) ላይ ፋይሉን በራሱ ላይ በአዲሱ ቁልፍ ትገለብጡታላችሁ። ቨርዥኒንግ (የፋይሉን የቀድሞ ቅጂዎች የሚያስቀምጠው) በርቶ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ዝርዝሩን ስታወጡ ሁሉም በአዲሱ ቁልፍ ተመስጥሮ ታያላችሁ፤ የድሮው ቨርዥን ግን በአሮጌው ቁልፍ እንደተመሰጠረ ከሥር ተቀምጧል። አርዲኤስ (የአማዞን የዳታቤዝ አገልግሎት) ላይ ያለ ዳታቤዝ ደግሞ ቁልፉ እየሠራ አይቀየርለትም። ስናፕሾት (ዳታቤዙ በዚያች ቅጽበት ያለበት ቅጂ) ይወሰዳል፣ ስናፕሾቱ በአዲሱ ቁልፍ ይገለበጣል፣ ከዚያ አዲስ ዳታቤዝ ይነሳል። ቡና አዘጋጁ፤ ሌሊቱ ይረዝማል። የሚረሱት ደግሞ ያው ናቸው፦ ሌላ ሪጅን (የክላውዱ ማሽኖች ያሉበት ሌላ አካባቢ) ላይ ያለ ባካፕ፣ የቆየ ስናፕሾት፣ አንድ ዴቨሎፐር «ለቴስት» ብሎ የገለበጠው ኮፒ።

አሮጌውን ቁልፍ ለመሰረዝ አትቸኩሉ። መጀመሪያ አሰናክሉትና ማን እንደሚጮህ አዳምጡ። በወር አንዴ የሚነሳ የሪፖርት ፕሮግራም ሊኖር ይችላል፤ ሦስት ሳምንት ዝም ብሎ በአራተኛው ይጮኻል። የተሰናከለ ቁልፍ በደቂቃ ይመለሳል። የተሰረዘ ግን አይመለስም፤ በእሱ የተመሰጠረውን አማዞንም አይከፍትላችሁም። ለዚህ ነው ኬኤምኤስ ከ7 እስከ 30 ቀን የመጠባበቂያ ጊዜ የሚያስቀምጠው። አለቃ «ቶሎ ይጥፋልኝ» ስላለ ብቻ ወደ 7 አታውርዱት።

አንድ ነገር ልጨምር። አውሮፓ ውስጥ ያላችሁ፣ ወይም የአውሮፓ ደንበኞችን ዳታ የምትይዙ፣ ጂዲፒአር የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የግል መረጃ ሲጣስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አሳውቁ ይላል። አገር ቤትም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ከድርጅታችሁ የሕግ ክፍል ጋር ቁጭ ብላችሁ ቀድማችሁ አንብቡት። 72 ሰዓቱ የሚቆጠረው መጣሱን ካወቃችሁበት ደቂቃ ጀምሮ ነው፤ መልሶ መመስጠሩ እስኪያልቅ አይጠብቃችሁም። ደብዳቤውን የሚጽፈው ሰው ስናፕሾት ከሚገለብጠው ሰው የተለየ ይሁን፤ ሁለቱም በአንድ ሌሊት ይጀምሩ።

ታላቅ ወንድማችሁ