መልስ፦ ለአራስ እናት የባልዲ ጎመን

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! «ባልቲሞር አሮጌ ቤት ተከራይቻለሁ፤ ጎረቤቶቼ ጥቁር አሜሪካውያን እናቶች አትክልት መትከል ጭንቀት ያቀላል ይሉኛል፤ እውነት ነው? ከምን ልጀምር?» ላልሽው፦

እውነት ነው። የቀን ብርሃንና ቀላል እንቅስቃሴ እንቅልፍንም መንፈስንም ያግዛል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው የመከፋት ስሜት ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ለሐኪምሽ ንገሪ፤ አትክልቱ ሕክምናን አይተካም። ለጥቁር እናቶች ነገሩ የቆየ ሥር አለው፤ የጥቁሮች መብት ታጋይዋ ፋኒ ሉ ሄመር በ1969 ሚሲሲፒ ውስጥ የኅብረት እርሻ ያቋቋመችው ድሃ ቤተሰቦች የራሳቸውን ምግብ እንዲያመርቱ ነበር።

የግቢሽን አፈር ግን ሳታስመረምሪ አትትከዪበት። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙ እርሳስ (ሊድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል፤ እየተላጠ አፈሩ ውስጥ ይገባል፣ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር፣ ለምግብ መያዣ የሚሆን ባልዲ ግዢና ታቹን ስድስት ቦታ ቀዳዳ አብጂለት። ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ካስቀመጥሽው በኋላ የተገዛ የችግኝ አፈር ሦስት እጅ፣ ኮምፖስት አንድ እጅ ጨምሪበት። ሲርስ ከ15 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ በተለይ በኦፕራሲዮን ከወለድሽ እንዳታነሺው።

ኤፕሪል ላይ በአንድ ባልዲ አንድ የኮላርድ ችግኝ ብቻ ትከዪ፤ የእኛ ጎመን የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለት ከሆኑ ሁለቱም ይቀጭጫሉ። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቢ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጪ። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው ውሃ ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀዳዳው ተደፍኖ ሥሩ ታፍኗል፣ ወይም ናይትሮጅን የሚባለው የተክል ምግብ አንሶታል። ነጭ ቢራቢሮ ካየሽ ቅጠሉን ገልብጪ፤ ሾጠጥ ያለች ቢጫ እንቁላል ታገኛለሽ፣ በጣትሽ ጨፍልቂያት። ስትለቅሚ ከታች ጀምረሽ ቅጠፊ፣ አናቱን አትንኪ፤ እስከ ክረምት ብርድ ድረስ ይሰጥሻል።